የነጋዴ እግር

ማክሰኞ፣ መስከረም 18 ቀን 2014

ብዕሩን የያዘው ስዩም ነው። ቃሉ የእኔ የኑርሁሴን ነው። ስዩም የወልድያ ሰው፣ ክርስቲያን፣ የቆዳ በሽታ የሚያይ ነርስ። ከተማው ሲያዝ በእግሩ መርሳ ገባ። አሁን ባዶ በቀረው የቆዳ መጋዘኔ ውስጥ ይተኛል። ለመኝታው የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፤ የምለውን ይጻፍ፣ ሲያልቅ ያንብብልኝ፣ ከራሱ እንዳይጨምር።

ድሮ የሚጽፍልኝ ልጄ ኢዘዲን ነበር። መኪናው ላይ ሌጦ ጭኖ ኮምቦልቻ እንደወረደ መንገድ ተዘጋበት። ስልክ የለም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አፌ ግን አልተዘጋም።

ዛሬ እስከ አስፋልቱ ወጣሁ። መርሳንም የያዙት ተዋጊዎች የሰው ፍየል አርደው በልተው ቆዳውን ገደል ጥለውታል። ኧረ እንዴት ያለ አገፋፍ ነው! ቢላው እዚህ ወግቶ፣ እዚያ ቀዶ... ሥጋው እንኳ ሳይለቅ። ዝንቡ! ግማቱ! ዝርፊያውስ ይሁን፣ ጦርነት ነው። ሌጦ ማበላሸት ግን ምን ይባላል? ዕድሜዬን ሙሉ ቆዳ ሸትቶኝ አያውቅም። ዛሬ ሸተተኝ። አፍንጫዬን ይዤ ተመለስኩ።

ስዩም «አያ ኑርሁሴን፣ መጋዘንዎም እኮ ይሸታል» አለኝ። «እሱ ሽታ አይደለም፣ ሙያ ነው» አልኩት። ጻፈው።

ጓዳ ውስጥ ሕፃኑ ያለቅሳል። ስለ እሱ ዛሬ አልናገርም።

ዓርብ፣ መስከረም 21

ከጁምዓ መልስ። ልናገር እንግዲህ።

ልጁ ሚስባህ ይባላል። የኢዘዲን በኩር፣ የእኔ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ። በጳጉሜን ተወለደ። እናቱ አሲያ፣ የግራናው የአብዱልሐሊም ልጅ። ሲወለድ አንድ እግሩ ከጉልበት በታች ቆዳ አልነበረውም። ቀይ፣ እርጥብ... ልክ አሁን እንደተገፈፈ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ውኃ ይቋጥራል። እጁ ላይ፣ ጀርባው ላይ፣ አፉ ውስጥ ሳይቀር። ይፈነዳል። ጨርቅ ይጣበቅበታል። ጨርቁ ሲነሳማ...

ተጸየፍኩ። አያቱ ነኝ፤ ይህን መናገር ነውር ነው። ነውሩን ጻፈው።

እኔ ቆዳ የማውቀው በአውራ ጣቴ ነው። ጫን አድርጌ አንዴ ገፋ ሳደርገው ጠጉሩ ከለቀቀ ተበላሽቷል፤ አልገዛም። ጣቴ ተሳስቶ አያውቅም። ትናንት የልጁን ክንድ እንደዚያው ገፋ አደረግኩት። ሳላስበው። ቆዳው በጣቴ ሥር እንደ ወተት ስልባቦት ተንሸራተተ። ጮኸ። አሲያ ከእጄ ነጠቀችው። ጣቴን በአመድ አጠብኩ። ደግሜ አጠብኩ። እስካሁን ያለ ይመስለኛል።

«ጨው ይነስነስበት» አልኩ። መበላሸት የጀመረ ሌጦ የሚያድነው ጨው ነው። አሲያ ልጁ ላይ ተደፋችበት። «አባባ፣ በአላህ!» ባለቤቴ ዘሀራ የጨውን ቅል ይዛ ከቤት ወጣች። ሴቱ ሁሉ አበደ?

ይህ ቁምጥና ነው። ከየት መጣ? ከእኛ አይደለም። አሲያን ከማጨታችን በፊት ሽማግሌ ግራና ልኬ ዘራቸውን አስጠንቻለሁ። እዚህ አገር ያለዚያ ማን ይዳራል? «ንጹሕ ናቸው» ብለው መጡ። ወይ ዋሹኝ፣ ወይ ጥሩ ተጋብዘው መጡ።

እሑድ፣ መስከረም 30

ሰደድኳት። አሲያን፣ ከነልጇ። የአጎቷ ልጅ አህያ ይዞ ከግራና መጥቶ ወሰዳቸው።

«ባሌ ሳይመጣ፣ አባባ?» አለች።

«ባልሽ ሲመጣ ራሱ ይወስን። እስከዚያ የዘርሽን በሽታ ዘርሽ ያስታም።»

አላለቀሰችም። ይህ ደግሞ አናደደኝ። ያለቀሰችው ዘሀራ ናት።

ስዩም «ልጁን ልየው» እያለ ሲለምነኝ ከልክዬው ነበር። ዛሬ ሳያስፈቅደኝ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። አሲያ ልጁን ልታነሳው ስትል፣ «በብብቱ አታንሺው እህቴ። ከሥሩ፣ በመዳፍሽ» አላት። መርፌ በእሳት ለብልቦ ውኃ የቋጠረውን በታች በኩል ወግቶ አፈሰሰው። ቆዳውን አልላጠውም፤ እንደ ክዳን ተወው። ያረጀ ነጠላ ቀቅላችሁ፣ ቫዝሊን ቀብታችሁ ጠቅልሉት፣ ጨርቁ ከተጣበቀ እንዳትነጥቁት፣ በውኃ አርሱት... ለአህያዋ ሳይቀር ምክር ሊሰጥ ምንም አልቀረው።

ሲሄዱ ጠየቅኩት። «ቁምጥና ነው፣ አይደል?»

«አይደለም። ሰው ቁምጥና ይዞ አይወለድም። ይህ ወደ ማንም አይጋባም። አብሮት የተወለደ ነው፣ በዘር የሚመጣ።»

«ይኸው! በዘር! አላልኩም?»

መርፌውን ጠርጎ በጨርቅ ጠቀለለ።

ቤቱ አይሸትም። ጥሩ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 6

ዘሀራ አታናግረኝም። ምግቡን ታስቀምጣለች፣ ትሄዳለች። ገበያ የለ፣ ጨው የለ፣ ሌጦ የለ። ከማን ጋር ላውራ? ከስዩም ጋር ተጨቃጨቅን።

«ስለ ቆዳ ለእኔ ልታስተምር ነው?» አልኩት። ግድግዳው ላይ የተረፈ አንድ የፍየል ሌጦ ነበር። አውርጄ ጣልኩለት። «በል አስተምር።»

እንዲህ አለ። አንቱ የሚሸጡት የታችኛውን ነው። ፋብሪካ ጠጉሩን በኖራ ሲያወርድ አብሮት ተልጦ የሚሄድ ስስ ነገር የለም? አለ፣ አልኩ። ላይኛው እሱ ነው፤ የሰውም ቆዳ ላይና ታች አለው። ላይኛው ደም የለውም። ከሥር እየተሠራ ወደ ላይ ይገፋል፣ ላይ ሲደርስ ይሞታል፣ ይረግፋል። የምናየው የሰው ፊት፣ ላዩ የሞተ ነው። በወር ገደማ ሌላ እንለብሳለን።

«የረገፈውስ የት ይሄዳል?»

«ጠዋት ቤት ሲጠረግ አቧራው ውስጥ አለ።»

ኡፍ! ቤቴ ውስጥ የሚበንነው የእኔና የዘሀራ ቆዳ ነው? ሻዬ ላይ ያረፈውን ስንት ጊዜ እፍ ብዬ ጠጣሁ? የሰው ልጅ እንዴት ያለ ቆሻሻ ፍጡር ነው! ስዩም ይስቃል። ምኑ ያስቃል?

ጥቁረቱም ቅላቱም ያለው ላይኛው ላይ ነው አለ። ይህን አውቃለሁ። ጥቁርም ነጭም ፍየል ተገፎ ሲገለበጥ አንድ ነው። ሰውም እንዲያ ከሆነ ታዲያ በየገደሉ የወደቀው ሰው ምን አባልቶት ነው? ተወው። አይ... ጻፈው።

የጨውን ነገር ጠየቅኩት። «ጨው የሌጦውን ውኃ ይመጠዋል፤ የማይበሰብሰው ለዚያ ነው» አለ። «ለሕያው ሰው ግን ቆዳ የማሰሮ ክዳን ነው። የገላውን ውኃ ያስቀራል። የሚስባህ ክዳን ቀዳዳ ነው። ያን ጨው ቢነሰንሱበት፣ ሕመሙን ተዉት፣ ያደርቁት ነበር።» ሌጦውን አንስቼ ግድግዳው ላይ መልሼ ሰቀልኩት።

ላይና ታቹን የሚያያይዝ ስፌት አለ፣ በዓይን የማይታይ። የልጁ ስፌት ክሩ ደካማ ነው። ትንሽ ሲታሽ ላዩ ከታቹ ይለቃል፣ መሃሉን ውኃ ይሞላዋል። ክሩን የሚሠራው ማነው? ራሱ ገላው፣ በወረሰው ትእዛዝ። አንድ ትእዛዝ ከአባት፣ አንድ ከእናት።

«ያበላሸው የማን ነው ታዲያ?»

«አንዳንዱ ሁለቱም ሲበላሹ የሚመጣ ነው። ለአንዳንዱ የአንዱ መበላሸት ይበቃል። ሁለት ሰው አንድ ገመድ ሲገምድ አንዱ ቃጫ፣ ሌላው ገለባ ቢያስገባ፣ ገመዱ ይይዛል?»

«ይበጠሳል።»

«የትኛው መሆኑን ለማወቅ የዘመዶቹን ገላ ማየት ነው።»

«እንግዲያው ግራና ሂድና የአብዱልሐሊምን ገላ እይ!»

መንገዱ ሰላም ቢሆን ይሄድ ነበር፣ ደረቅ ሰው ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 22

ደሴ ተያዘ ይላሉ። ኮምቦልቻም። ኢዘዲን እዚያ ነው...

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4

ስዩምን ከመጋዘኑ አባረርኩት። የሚጽፍልኝ ስለሌለ መልሼ ጠራሁት። ነገሩ እንዲህ ነው።

ለዙህር ውዱእ ላደርግ ወገቤ አልታጠፍ አለኝ። ኩስኩስቱን ይዞ ያፈስልኝ ጀመር። ጫማዬን አወለቅኩ። ውኃው ቆመ። ቀና ብዬ ባይ እግሬን ያያል።

«አያ ኑርሁሴን፣ የእግርዎ ጥፍርስ?»

ሳቅኩ። መርሳ ውስጥ ይህን የማያውቅ አለ? «መንገድ በላው!» አልኩት። እስከ ባቲ ድረስ፣ ከግመልና ከአህያ ኋላ፣ ሌጦ ሲወርድ ጨው ሲወጣ። የአባቴም እግር እንዲህ ነበር። የአባቱም። የነጋዴ እግር ነው። በእኛ ቤት ወንድ ሲዳር ጫማውን አውልቆ እግሩን ለዘመድ ያሳያል። ጥፍር ከሌለው እልል ይባላል፤ ደሙ የእኛ ነው ማለት ነው። ኢዘዲን ሲዳር ባዶ ነበር ጣቱ። ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ።

ስዩም ኩስኩስቱን እንደያዘ ወደ እግሬ ጎንበስ አለ። ከዚያ፣ «ኢዘዲን ግን ሹፌር ነው» አለ።

«ቢሆንስ?»

«በመኪና ነው የሚሄደው።»

ይህን ሳስብ ሌላ ጨመረ። «ሴቶቹስ?» ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ጥፍራቸው ሙሉ ነው፤ እናታቸውን መሰሉ። «እህትስ ነበረዎት?» ነበረችኝ፣ አላህ ይርሐማት። ከመርሳ ወጥታ አታውቅም፣ ሐራ ገበያን እንኳ በወሬ ነው የምታውቀው። «እሷስ ጥፍር ነበራት?»

እግሬን ወደ ራሴ ሰበሰብኩ።

ቅልጥሜ ላይ ነጭ ጠባሳ አለኝ፣ እንደተጨማደደ ወረቀት። የመንገድ እሾህ ነው እላለሁ። እሱንም አየው። ቀስ ብሎ፣ «ገለባው ከየት እንደገባ ያገኘነው ይመስለኛል» አለ።

ኩስኩስቱን ቀምቼ ወረወርኩበት። ውጣ ከቤቴ አልኩት። የአባቴን እግር በሽታ ይላል! እልል የተባለለትን!

አሁን ካልሲ አስመጥቼ አድርጌያለሁ። ቤቴ ውስጥ ካልሲ አድርጌ አላውቅም።

እሑድ፣ ኅዳር 5

ዘሀራ ተናገረች። አሲያ ከሄደች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሁሉንም ጻፍ።

«እህትህ ስትሞት ገላዋን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች። እህትህ! ከተጋባን ጀምሮ አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት፣ ዛሬ አንተ አለችኝ። «እግሯ ላይ አንድም ጥፍር አልነበረም። እሷም ባቲ ወርዳ ነበር?»

ካልሲዬን ወደ ላይ ሳብኩ።

«ኢዘዲን አራስ ሳለ ጉልበቱና ክርኑ ውኃ ይቋጥር ነበር። እናትህ አመድና ቅቤ አስቀባችኝ። የእኛ ቤት ልጅ እንዲህ ነው፣ ሲጠና ይተወዋል አለችኝ። ተወው። አንተ ባቲ ነበርክ። ስትመለስ ድኖ ጠበቀህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለማን? ለዚያ አውራ ጣት?»

«አሲያ ስትሄድስ?»

«የሚስባህ እጅግ የባሰ ሆነብኝ። ያው አንዱ ነው ብዬ አላሰብኩም። ባስብስ፣ ትሰማኝ ነበር?»

ስዩም አጠገባችን ነበር። ያው አንድ ነገር ነው አለ፤ አንዱን ያንገላታል፣ ከሌላው ጥፍሩን ብቻ ወስዶ ይተወዋል። ለእያንዳንዱ ልጅ ዕጣ ይወጣል፣ እኩል በእኩል። ለሴቶቹ ቃጫው ደረሳቸው። ለኢዘዲን ገለባው።

ስለዚህ ሽማግሌ የላክሁት ወደማይሆን ቤት ነው። የእኔን ቤት ማን ያጥና? ማን ደፍሮ?

ዛሬ ካልሲውን አውልቄ እግሬን አየሁት። እንደ ገዥ፣ እንደ ሌጦ አየሁት። ጣቱ ጉንድሽ፣ ቅልጥሙ ዝንጉርጉር... ገበያ ላይ ቢቀርብልኝ በእግሬ ገፋ አድርጌው አልፍ ነበር። በዚህ ነው እልል የተባለው?

ሰኞ፣ ኅዳር 20

ከግራና የመጣ ሰው «ልጁ አለ» አለኝ። አለ። ሌላ ልጠይቀው አልደፈርኩም። መንገዱ አሁንም ጠመንጃ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9

ተዋጊዎቹ ሄዱ። ያልወሰዱትን አራክሰው ነው የሄዱት፤ የሰው በር ላይ ተጸዳድተው። ሰው ነው ይህን የሚያደርገው? ውሻ እንኳ አፈር ይጭርበታል።

ኢዘዲን መጣ! አልሐምዱሊላህ። በእግሩ። መኪናውን ቀምተውታል። ዘሀራ ጫማውን ስታወልቅለት ቆዳው ከካልሲው ጋር መጣ። መርገጫው በሙሉ ውኃ ቋጥሯል።

«መንገዱ ነው፣ አባባ» አለ እየሳቀ።

«መንገዱ አይደለም» አልኩት።

ከዚያ «አሲያስ?» አለ። ነገርኩት። ያደረግኩትን ሁሉ፣ ጨውን ጭምር። ልጄ በሕይወቱ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። እኔ የገደሉን ሌጦ እንዳየሁት አየኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12

ግራና። ኢዘዲን እግሩ ተጠቅልሎ በበቅሎ፣ እኔ፣ ዘሀራና ስዩም በእግር።

አብዱልሐሊም ሰላምታዬን መለሰ፤ ሰላምታ አይነፈግም። ከዚያ ፊቱን አዞረ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቧል። «ያ ጀማዓ፣ ዘሬን ቁምጥና አለበት ያለው ሰው ይኸውላችሁ» አለ።

መንገድ ላይ ቃል ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ተውኩት። ቁጭ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። ካልሲዬን አወለቅኩ። ሁለት እግሬን ምንጣፉ መሃል ላይ ዘረጋሁት።

«ዘሩ ይኸው። ካንተ ቤት አይደለም፤ ከዚህ ነው።»

ስዩም የገመዱን ነገር አስረዳ። ከጎኔ የተቀመጠው ሽማግሌ ቀስ ብሎ ጋቢውን ሰበሰበና ራቅ አለ። አየሁት። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው። አሲያ በቤቴ ስታይ የነበረው ይህንን ነው ለካ።

አብዱልሐሊም እግሬን አየ፣ አየ፣ አየና፣ «ሱብሃነላህ! ሰው ሁሉ ስሙ ትልቅ ነው ቢለኝ ዘርህን ሳላስጠና ልጄን ሰጠሁ። ለካ ጫማህን ማስወለቅ ነበረብኝ!» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል አሲያ ወጣች።

ልጁን በታጠፈ ነጠላ ላይ አስተኝታ፣ ከሥሩ በሁለት መዳፏ ይዛዋለች። ጉንጩ ሞልቷል። እግሩ አሁንም ቀይ ነው። ሽታውም አለ።

«ኢዘዲንን እከተላለሁ» አለች። «ግን አንድ ነገር አለኝ፣ አባባ። ልጄ በሚታጠብ ቀን ሁሉ የሚይዘው አንቱ ነዎት። እማማ ዘሀራ አይደሉም። ኢዘዲንም አይደለም።»

«እኔ?»

«አንቱ። ፊትዎን ሳያዞሩ።»

ይህን ሁሉ ሰው ፊት! አብዱልሐሊም እንኳ «ተይ እንጂ» አላት። አልተወችም። እኔን የምታህል ደረቅ ሴት ናት።

እጄን ዘረጋሁ። አውራ ጣቴን ወደ ውስጥ አጠፍኩት።

ማክሰኞ፣ ጥር 3

ብዕሩን የያዘችው አሲያ ናት። ስዩም ወልድያ ተመለሰ። መሥሪያ ቤቱ ባዶ ግድግዳ ሆኗል ይላሉ፤ ቢሆንም ሄደ። መጋዘኑን ጠርጎልኝ ነው የወጣው። «የራስህን ቆዳ ነው የጠረግከው» አልኩት። እስከ አስፋልቱ እየሳቀ ሄደ። ቤቱ ጭር አለ።

ኢዘዲን ይጽፍልኝ ነበር። የጠራሁት ግን አሲያን ነው። «ምን ልጻፍ፣ አባባ?» «የምልሽን።»

ዛሬ ሚስባህ ታጠበ። የያዝኩት እኔ ነኝ። ጨርቁን ለብ ባለ ውኃ አርሼ ራሱ እስኪለቅ ጠበቅኩ። ጣቴ ይቸኩላል፤ ጣቴን እቆጣዋለሁ። መርፌውን በእሳት። በታች በኩል። ክዳኑን መተው። ፈሳሹ እጄ ላይ ይወርዳል። ይሸታል። አሁንም እጸየፈዋለሁ፣ አልዋሽም። ባለፈው መሃል ላይ ለዘሀራ ሰጥቼ ወጥቼ አስታውኬያለሁ፤ አሲያ አይታኛለች። ዛሬ ጨረስኩት። ልጁ እኔ መዳፍ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ላይ! እጄ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀስኩም።

የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር መልቀቅ ጀምሯል። ዘሀራ አየችው። እኔም አየሁት። ማንም እልል አላለም። ቫዝሊን ቀብተን ጠቀለልነው።

አሁን የደብተሩን ቅጠል ወደ ኋላ ገልብጪ። እስከ መጀመሪያው፣ እስከ መስከረሙ። ስዩም የጻፈው ሁሉ እዚያ አለ፤ ስለ አንቺ ያልኩት፣ ስለ አባትሽ፣ ስለ ልጅሽ...

እጅሽ ቆመ። አየሁት። ይህንንም ጻፊው።

በይ አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ፤ ኢዘዲንም ይስማ፣ ዘሀራም ትስማ። አንድም ስድብ እንዳትዘይ።